ሸርጣን፣ ሐሙስ፣ መሰላል

በዚያ ዓመት ማዕበል ሁለት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያው ጣሪያ ወሰደ። ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቶ የተረፈውን ወሰደ። የዳቦ ፍሬ የምንለው የዛፍ ምግባችን ሳይበስል ረገፈ። ጎደሬው በጨው ውሃ በሰበሰ። የመንደራችን የቫይሶሎ ሰው ከመርከብ በወረደ ሩዝና በቆርቆሮ ዓሣ አራት ወር ኖረ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ሕፃን ቀበርን። የየቤቱ የዘር ሐረግ የተጻፈባቸው ደብተሮች፣ አያቶች በሣጥን ቆልፈው ያኖሯቸው፣ በውሃ ተነከሩ። ፀሐይ ላይ ብናሰጣቸውም ቀለሙ እየፈሰሰ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ከዚያ ጀመረ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

አሁን ኤሌካና ሞቷል። የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ የመንደሩም ጸሐፊ። ቅዳሜ ጧት አረፈ። ሰኞ፣ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ግድግዳ በሌለው ቤቱ መካከል በሰሌን ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሴቶቹ በራስጌው ተሰብስበዋል። ኮሎኔ ካካዎ የያዘ ኩባያ ይዞ ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከሟቹ ጋር አብሮ አደግ ነው።

«ሸርጣን ነው ያለው?» አለች ፒሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የፒሳ ዝቅታ ለሌላው ጩኸት ነው።

«ሸርጣን» አለች ሚሊአማ፣ የሟቹ ሚስት። «ከዚያ ሐሙስ፣ መሰላል፣ ጉልበት፣ ባልዲ፣ ሳል። ሊሞት ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ነበር የሚለው። አንድም ጊዜ ቅደም ተከተሉን አልሳተም።»

«ትኩሳት ነዋ፣ እትዬ» አለች ፒሳ።

«ትኩሳት ያዘባርቃል። እሱ ግን ልጅ እንደሚያስጠና ነበር የሚለው።»

«እኔስ ገብቶኛል» አለች ፒሳ። «ሐሙስ ቅበሩኝ ማለቱ ነው። መሰላሉ የያዕቆብ መሰላል ነው፤ ወደ ላይ መውጫው።»

«ሸርጣኑስ?» አለች አንዷ።

«ሸርጣኑማ አንቺ ነሽ። በጎን እየሄድሽ ከለቅሶ ቤት ዓሣ የምታሸሺው።»

ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሚሊአማም ትንሽ ፈገግ አለች፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ለማንኛውም ሐሙስ ብያለሁ» አለች። «ልጄም ረቡዕ ከኦክላንድ ይገባል።»

ኮሎኔ ኩባያውን መሬት አስቀመጠ። ካካዎው ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ። በሽርጡ ጫፍ ጠረገው።

«ምነው ወንድሜ፣ ደከመህ?» አለችው ሚሊአማ።

«ሞቆኝ ነው» አለ።

ስድስቱን ቃላት ያውቃቸዋል። የሱ ናቸው።

ከማዕበሉ በኋላ ሸንጎው ተሰብስቦ መክሮ ነበር። የቤቶቹ ሐረግ እንዳይጠፋ ኤሌካና በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ይጻፈው ተባለ። ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው የሌላውን ቤት ሐረግ አይናገርም። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በጉዲፈቻ እንደገባ፣ የትኛው ሹመት በማን ደም እንደሚወርድ የየቤቱ ምስጢር ነው። በዚህ ነገር ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቁልፍ ያዦቹ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ኤሌካናና ኮሎኔ። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲከፍት ለየራሳቸው የመክፈቻ ቃል ያዙ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን አኑረው ማሉ። ቃሌን አልናገርም፣ አልጽፍም፣ አልለውጥም። በግድየለሽነት ያስደፈረ በሸንጎው ቤት የሚደገፈውን ምሰሶ፣ የሹምነት መቀመጫውን፣ ያጣል። መሐላውን ያፈረሰ ከነቤተሰቡ ከመንደር ይወጣል።

ኤሌካና ለዚህ ሥራ አንድ ወር ሙሉ የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት በመቀስ ሲቆራርጥ ከረመ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥፍር በምታህል ወረቀት። ሁሉንም በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ጨመረና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሎኔ ይዞት መጣ።

«እጅህን ክተትና አንድ አውጣ። አትይ።»

«ለምን ራሴ አልመርጥም? ሕፃን ነኝ?»

«ራስህ ከመረጥክ ትታወቃለህ። ምን እንደምትመርጥ ልንገርህ? ታንኳህን፣ እናትህን፣ ያን ከብት የሚያህለውን ከርከሮ ገደልኩ የምትለውን።»

«ገድዬዋለሁ።»

«አንድ ሺህ ጊዜ ነግረኸናል። ሌባም ሰምቶሃል። ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ነው፤ የሚወደውን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይሄ ቆርቆሮ ግን ማንንም አያውቅም፣ ማንንም አይወድም። አውጣ።»

ኮሎኔ አወጣ። መነጽሩን ማዕበሉ ወስዶበት ስለነበር ማንበብ አልቻለም። የሌላውን ቃል ማየት ክልክል ነው፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ኤሌካና አነበበለት።

«ሸርጣን። ወረቀቱን መልሰህ ክተተውና ነቅንቀው። ደግሞ አውጣ።»

ሐሙስ። መሰላል። ጉልበት። ባልዲ። ሳል።

«ይበቃል። አንዱን ቃል ብቻ ቢሆን ሌባ በሳምንት ይደርስበታል። ስድስቱን በተርታ ግን የደሴቱ ሰው ሁሉ ሥራ ፈቶ ዕድሜውን ቢገምት አያገኘውም።»

«እኔስ እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ? እርስ በርሱ አይገናኝ!»

«አንተ አገናኘው። ሥዕል ሥራለት። ነገሩ ሞኝ በሆነ ቁጥር አይረሳም። አንድ ሸርጣን አለ። ሐሙስ ዕለት መሰላል ይወጣል። ጉልበቱ ይከዳዋል። ባልዲ ውስጥ ይወድቅና ሳል ይይዘዋል።»

ኮሎኔ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ኤሌካናም ሳቀ። የሸርጣን ሳል ምን እንደሚመስል ኤሌካና አሳለ፤ ኮሎኔም አሳለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ኤሌካና ሰላምታው ይሄ ሆነ፦ «ሸርጣኑ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» ይላል ኮሎኔ።

«ሳሉ ለቀቀው?»

«ለቆታል።»

ደህና አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ኮሎኔ ብቻውን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ተሳሳተ። ሐሙስ ነው ማክሰኞ? ከመሰላሉ የወደቀው ጉንዳን ነው ሸርጣን? ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ጀርባውን ላብ አጠመቀው። በአራተኛው ተከፈተ። እንደገና እንዳይጠፋበት ፈርቶ እዚያው ቁጭ ብሎ ለወጠው። ፈጽሞ የማይረሳውን ቃል አስገባ፤ ቤተሰቡ በየማታ ጸሎቱ የሚዘምረውን መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ። አባቱ የዘመረውን። እሱም ራሱ አርባ ዓመት ያላንዳች ማቋረጥ የዘመረውን።

የኛ አገር ቤት ግድግዳ የለውም። ማታ የጸሎት ዛጎሉ ሲነፋ መንደሩ ጸጥ ይላል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መዝሙር ያነሳል። የማን መዝሙር የቱ እንደሆነ የሦስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ኮሎኔ ይህን ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ግን ወደ ኤሌካና ሄዶ «ቃሎቼን እንደገና ንገረኝ» ማለት ከበደው። ሹም ነው። ሹም ስድስት ቃል መያዝ አቃተኝ አይልም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የሸንጎው መልእክተኛ ለቅሶ ቤት መጣ። በትሩን ይዞ ደጅ ላይ ቆሞ ተናገረ። ሹማምንቱ ለሟቹ ቤተሰብ አዝነዋል። አሣማና የክብር ስስ ምንጣፍ ይልካሉ። ነገር ግን ኤሌካና ምሰሶውን ያጣ ሰው ስለሆነ ሹማምንቱ በመንገድ ተሰልፈው አይመጡም፤ የሹመት ስሙም በመቃብሩ አይጠራም።

ሚሊአማ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ሰማችው።

«ሸንጎውን አመስግኑልኝ» አለች። «የገዛ ጥፋቱ ነው።»

መልእክተኛው ሲርቅ ፒሳ ምራቋን ዋጠች። «ማዕረግ እንደሌለው ጎረምሳ ሊቀብሩት ነው» አለች። ያን ቀን አልቀለደችም።

«ሰው የተሰጠውን ቁልፍ ይጠብቃል» አለች ሚሊአማ። «እሱ አልጠበቀም።»

ኮሎኔ አንገቱን ደፍቶ የሰሌኑን ጉንጉን ይቆጥር ነበር።

ሐረጉን የሰረቀው ሰው ከኮሎኔ ቤት ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይኖር ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ሞቷል፤ ልጆቹ ደህና ልጆች ናቸው። የሸንጎው አለቃ የፋሌቱኢ ባላንጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በአንድ እሑድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና የቤቶቹን መዝሙሮች ሞከረ። የኤሌካና አልሠራም። የኮሎኔ ሠራ። ከወር በኋላ የሹመት ክርክር በተነሳ ጊዜ መንደሩ ፊት ቆሞ የፋሌቱኢ አያት የቤቱ ደም እንዳልሆነ፣ ሕፃን ሆኖ በታንኳ ከሌላ ደሴት እንደመጣ አነበበ። እውነት ነበር። ሰው ገጀራ ተማዘዘ። የአንድ ወጣት ሁለት ጣት ሣሩ ላይ ቀረ።

ኤሌካና ኮምፒውተሩን መረመረ። በማን ቃል እንደተከፈተ ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ኮሎኔን መንገድ ላይ አገኘው። ስለ ሸርጣኑ አልጠየቀውም።

«ባንተ ቃል ነው የተከፈተው» አለው። «ለውጠኸዋል።»

ኮሎኔ ሊናገር ጀመረ።

«ሚስትህ ከአልጋ አትነሳም» አለ ኤሌካና። «ከመንደር ብትወጡ መንገድ ላይ ትሞትብሃለች። ዝም በል።»

በሸንጎው ላይ ኤሌካና ቆሞ፦ «ጠባቂው እኔ ነኝ። ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ» አለ። ፋሌቱኢ ፍርዱን ሰጠ። ሹማምንቱ በየተራ ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁ። ተራው ሲደርስ ኮሎኔም ነቀነቀ።

ሚስቱ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። ስትሞት ኮሎኔ «አሁን እናገራለሁ» አለ። ከተዝካሯ በኋላ አለ። ልጁ ቤት ሠርቶ ሲጨርስ አለ። የዳቦ ፍሬ ሲደርስ አለ። ስድስት ዓመት። ኤሌካና በሸንጎው ቤት በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ውስጥ ምሰሶውን ተደግፎ የተቀመጠውን ኮሎኔን ዓይኑ ሲያገኘው በቅንድቡ ሰላም ይለዋል። ያ ቅንድብ ከስድብ ይብስ ነበር።

ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ኤሌካና ስድስቱን ቃሎች ለኮሎኔ ይዞለት ነበር። ምናልባት ይጠይቀኝ ይሆናል ብሎ። አፉ ላይ እስኪሞቱ።

ማክሰኞ ማታ ዛጎሉ ተነፋ። ለቅሶ ቤቱ ለጸሎት ጸጥ አለ። ፓስተሩ ለኮሎኔ ክብር ብሎ የኮሎኔን ቤት መዝሙር አነሳ። ሁሉም ተቀበለው። ኮሎኔ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘለለው።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ ምግብ ሲዞር ወደ ሚሊአማ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«እነዚያ ቃላት የኔ ናቸው» አላት።

«የቶቹ?»

«ሸርጣኑ።»

ነገራት። ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከሙት ነገር ሲናገሩት አጭር ነው። ሚሊአማ የባሏን ፊት እያየች ሰማችው።

«ባለፈው ገና ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?» አለች።

«አላውቅም።»

«‹በር መዝጋት የማይችል ወንድ አገባሁ› አልኩት። በምራቶቻችን ፊት። ሳቀ። ‹ምን ይደረግ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው› አለኝ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «በየበዓሉ አንድ አንድ አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት በላሁት። አንተ እዚያ ምሰሶህን ተደግፈህ ከሹማምንቱ ጋር ካቫህን ስትጠጣ እኔ እዚህ እሱን እበላው ነበር።»

«እህቴ...»

«እህቴ አትበለኝ። ከቤቴ ተነስ።»

ተነሳ።

«ደግሞ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችው ከኋላው። «እኔ ሸንጎ ነኝ?»

ረቡዕ ጧት ሹማምንቱ ሰብሰብ እንዳሉ ኮሎኔ ገባ። ወደ ምሰሶው አልሄደም። መካከል ላይ፣ ድንጋዩ ወለል ላይ፣ ያለ ሰሌን ተቀመጠ። ይህን ያየ ሁሉ ወሬውን አቆመ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ምነው ኮሎኔ?» አለ አንዱ። «ምሰሶህ ትኋን ገባበት?»

ኮሎኔ ግንባሩን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። «የማልኩትን መሐላ አፍርሻለሁ» አለ። «ሐረጋችሁ በኔ ቃል ነው የተሰረቀው። ኤሌካና እኔን ሸፍኖ ነው የሞተው።» ከዚያ ሁሉንም ነገረን። ስለ ሚስቱ ሲደርስ አላራዘመም። ከሷ ሞት በኋላ ያሉትን ስድስት ዓመታት ግን አንድም አልዘለለም።

ፋሌቱኢ ባሕሩን አየ። በአያቱ ስም የተዋረደ እሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ያንን ቀን እንደገና ሲኖረው አየን።

«መሐላው ውጣ ይላል» አለ። «አንተ፣ ልጅህ፣ ምራትህ፣ አምስቱ የልጅ ልጆችህ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጎጆአችሁም ይቃጠላል።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ግን ያን ቤት ለማትረፍ አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ከፍሏል። የከፈለውን እኔ ዛሬ ባቃጥለው በከንቱ ከፈለ ማለት ነው። ከሬሳ አልሰርቅም።» ዘወር አለ። «ቤትህ ይቁም። አንተ ከዚህ ትወጣለህ። እሱ ውጭ የተቀመጠውን ያህል ትቀመጣለህ፤ ከሹም ጋር አትበላም፣ ከጎረምሶች ጋር ታገለግላለህ። አሥራ አንድ ዓመት።»

«ሰባ አራት ዓመቱ ነው እኮ» አለ ከጎኑ ያለው ሹም ቀስ ብሎ።

«ኤሌካናንስ ዕድሜህ ስንት ነው ያለው ሰው ነበር?»

ኤሌካና በተፈረደበት ቀን እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር።

ሐሙስ ጧት ሹማምንቱ በመንገዱ ተሰልፈን ሄድን። ነጭ ለብሰን፣ ለምለም ቅጠል ይዘን። የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ቆመ። ተናጋሪው በትሩን ተደግፎ የኤሌካናን የሹመት ስም ከነማዕረጉ ሦስት ጊዜ ጠራ። ከኦክላንድ የመጣው ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሚሊአማ አላለቀሰችም። ቀና ብላ፣ የስሙን እያንዳንዱን ቁራጭ በከንፈሯ ተከተለች።

ኮሎኔ በዚያ ሰዓት ከቤቱ ኋላ ማድ ቤት ነበር። ጎረምሶቹ ምግብ በሚበስልባቸው፣ ግለው በሚጨሱት ድንጋዮች ዙሪያ ሲራወጡ እሱ ጎደሬ ይልጥ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ እባክዎ አረፍ ይበሉ» አለው የወጥ ቤቱ አለቃ፤ የልጅ ልጁ ዕድሜ ነው፤ አፍሯል።

«እዘዘኝ» አለ ኮሎኔ።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደ ሌሎቹ።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያውስ... አባባ፣ ልጣጩ ወፍሯል። ሳሳ ያድርጉት።»

ኮሎኔ ሳሳ አደረገው። የኤሌካና ስም ሲጠራ ተሰማው። አንደኛ፤ እጁን አላቆመም። ሁለተኛ። በሦስተኛው ቢላዋውን አስቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ አነሳው።

ቀብሩ አለቀ። ሹማምንቱ በሉ። እንግዶቹ በሉ። ሴቶቹና ልጆቹ በሉ። አገልጋይ መጨረሻ ነው የሚበላው። ኮሎኔ ድስት ሲፍቅ ቆይቶ በተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱን እያሻሸ። ማንም ምግብ ያመጣልኛል ብሎ አልጠበቀም።

በቀብሩ ቀን ባል የሞተባት ሴት ከሰሌኗ አትነሳም። ሰው ነው ወደ እሷ የሚሄድ። ሚሊአማ ግን በቤቱ ጓሮ በኩል መጣች፣ በባዶ እግሯ። በሁለት እጇ ትሪ ይዛለች፤ ጎደሬ፣ ዓሣና የአሣማ ሥጋ፤ ለሹም የሚቀርበው ከጀርባው የተቆረጠው ብልት። ጎረምሶቹ ሥራቸውን አቆሙ። ኮሎኔ ሊነሳ ሞከረ።

«ተቀመጥ» አለችው።

ትሪውን ፊቱ አኖረች። ከፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ደረቅ ነበር።

«አልማርኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ብላ።»

ጎደሬውን ቆረሰ። ቀስ ብሎ ወደ አፉ ወሰደው። ዝንቦች መጡ። ሚሊአማ እጇን ዘርግታ ከአጠገቧ ካለው ሙዝ አንድ ቅጠል ገነጠለች፤ ለሚበላ ሹም እንደሚደረገው ከትሪው በላይ ማወዛወዝ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ከወዲህ ወዲያ። እሱን አታየውም፤ መቃብሩ ወዳለበት ወደ ቤቱ ፊት ነበር የምታየው። በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ግን አንድም ዝንብ አላሳረፈችበትም።